በሁለት ገመድ መሐል

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፤ ፍቅርም የለበትም። ያሉበት ሁለት ገመድና አንድ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። የአማርኛ መምህራችን ስለማንረሳው ሰው ጻፉ ባሉን ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ ወዲያው አርበኛ አያትና ደግ መምህር አገኙ። እኔ ሳስብ ሳስብ የሚመጡብኝ አንድ ገመድ ጠባቂ ብቻ ናቸው። የተሻለ ሰው አገኝ እንደሆነ ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ አላገኘሁም።

ባለፈው ጥቅምት ሃምሳ አለቃ ደስታ ከሰባታሚት በእግራቸው መጥተው ዘግይቼ የገባሁበት ኮሌጅ በር ላይ አስጠሩኝ። ዘበኛው መታወቂያ ስለጠየቃቸው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ዕድሜ ልኬን ወረቀት ስጠይቅ ኖሬ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ለመናገር ወረቀት ተጠየቅሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አለኸኝ አረፈ። ቀብሩ ነገ ጧት ነው። ገመዱን እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ ድንጋዩ ጋ ሁኚ።»

የትኛው ገመድ፣ የትኛው ድንጋይ ብዬ አልጠየቅሁም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ዱርቤቴ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ሰባታሚት ላይ ሁለት ኬላ ነበረው። አንደኛው የከተማው ነው፤ ሁለተኛው የአገር አቋራጩ መንገድ ነው። እያንዳንዱ መንገዱን ዘግቶ የሚይዝ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ማኅተምና የራሱ አለቃ አለው። የከተማው አለቃ ስለ ከተማው እንጂ ስለ መንገዱ አያገባውም፤ የመንገዱም አለቃ እንዲሁ። በሁለቱ ገመዶች መሐል ያለው ሦስት መቶ እርምጃ ግን የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ መሥሪያ ቤት ሊያሰፋው ብሎ ግራና ቀኙን ቦይ ቆፈረና የቀረው የሌላው ድርሻ ነው ብሎ ተወው። በዚህ ምክንያት ሊሰፋ የታሰበው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ ቀረ። መሐሉ ላይ ባሕር ዛፍ የሸፈነው መታጠፊያ ስላለ አንዱ ኬላ ሌላውን አያየውም። ሁለቱ ገመዶች በአንድ ጊዜ ከተፈቱ ከከተማ የወጣውና ከዱርቤቴ የመጣው መኪና መታጠፊያው ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማሉ። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ተሳቢ የሌለው ሾፌር ደግሞ ወደ ኋላ መሄድን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል።

ጠባቂው ራሱ ሄዶ እንዳያይ ኬላን ትቶ መሄድ ክልክል ነው። እሱ ሦስት መቶ እርምጃ ሲርቅ አብዮቱን የሚያደናቅፍ ሰው ሊያልፍ ይችላል።

እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥቤ ለኮሌጅ ሳይበቃ ስለቀረ በ1980 መስከረም በከተማው ኬላ የመኪና ሰሌዳ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ገመድ ጠባቂው ጋሽ አለኸኝ ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም። አባታቸው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለዋል። ከተማው የሰጣቸው ፊሽካ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሲነፉት ግን አላየሁም። ፉጨት ለከብት ነው ይሉ ነበር።

ፊሽካውን የናቁት ድንጋይ ስላላቸው ነው። ከገመዱ አጠገብ ካለው ግራር ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ሰቅለዋል፤ በጣና ገዳማት በደወል ፋንታ የሚመታው ዓይነት። ይህኛውን ግን ካህናቱ ድምፁ ጎርናና ነው ብለው ጥለውት ነበርና ጋሽ አለኸኝ በታንኳ አሻግረው፣ በአህያ ጭነው አመጡት። የወዲያኛው ገመድ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ ደስታ ደግሞ ጡረታ የወጡ ወታደር ስለነበሩ ድንጋይ መምታት አይገባኝም ብለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ሰቀሉ።

አሠራሩን በመጀመሪያው ቀን አስጠኑኝ። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ሲመታ «ልልክ ነው» ማለት ነው። ቸርኬው ሁለት ጊዜ ሲመልስ «ክፍት ነው፣ ላክ» ማለት ነው። ዝም ካለ ገመዱ አይፈታም። ከወዲያኛው ገመድ ሲላክም እንዲሁ ነው፤ ቸርኬው አንድ ይላል፣ ድንጋዩ ሁለት ይመልሳል። ያለማቋረጥ ከተመታ ግን «በሽተኛ አለ፣ ሌላውን ሁሉ አቁም» ነው። ይህን ያገኙት ከቅዳሴ ነው። ካህኑ ሲል ሕዝቡ ካልመለሰ፣ ካህኑ ብቻውን እየጮኸ ነው እንጂ ቅዳሴ አይባልም ይሉኝ ነበር።

ድንጋዩን ከመቱ በኋላ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዘንብለው እጃቸውን መስቀል እንደያዘ ቄስ ከፍ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ መተንፈስም ያስፈራል። ሾፌሮቹ ግን በዚሁ ይቀልዱ ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ከመኪናው ራሱን አውጥቶ «አባቴ፣ ንስሐዬን ጨርሻለሁ፤ ይፍቱኝና ልሂድ» ይላቸዋል። እሳቸውም ፊታቸውን ሳያዞሩ «ገና ነህ፤ ያለፈው ሳምንት አለብህ» ይሉታል። የሠፈሩ ባልቴቶች ደግሞ በጾም ወራት ድንጋዩን ሲሰሙ ቅዳሴ የወጣ እየመሰላቸው ሁለት ሦስት ቀን ያለ ሰዓቱ ገድፈዋል። ጋሽ አለኸኝ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከዚያ ወዲያ በዐቢይ ጾም ቀስ ብለው ይመቱ ጀመር።

እኔ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ቶሎ ጽፌ ለመጨረስ ስጣደፍ እጄን ይይዙኝ ነበር።

«ቆዪ፣ ጸሐፊ። ያልተመለሰለት አልሄደም።»

ይህን በቀን አሥር ጊዜ ይሉታል፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኝ ነበር። ለአንድ ጎርናና ድንጋይ ይህን ያህል ማዕረግ ምን ያደርጋል እያልሁ ለሃምሳ አለቃ ደስታ አንድ ቀን ስቄ ነገርኋቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ የድንጋዩን ነገር ነገሩኝ። ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊት የጋሽ አለኸኝ ሚስት ዘመድ ልትጠይቅ ዱርቤቴ ሄዳ ወባ ጣላት። በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር ሲያመጧት መታጠፊያው ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተገጣጠሙ። ሁለቱ ሾፌሮች ማን ወደ ኋላ ይሂድ ሲባባሉ እሷ እዚያው አረፈች። ጋሽ አለኸኝ ያን ጊዜ ሦስት መቶ እርምጃ ርቀው ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል። ጫጫታ ሰምተዋል፤ ኬላ መተው ክልክል ነውና አልሄዱም። ለአርባዋ ተዝካር ወደ ደሴቱ ሄዱ፣ ሲመለሱ ድንጋዩን ይዘው መጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ሳይይዙኝ መጠበቅ ጀመርሁ።

ጋሽ አለኸኝ አንድ ድካም ነበረባቸው፤ መንግሥት እውነት ከሰማ ይቀበላል ብለው ያምኑ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ከተማና መንገድ በሚገናኝበት ሁሉ ጥንድ ድንጋይ ቢሰቀል ሰው በመሐል አይቀርም ብለው ማመልከቻ አጻፉኝ። እኔም ሰው ደስ እንዲለው የምወድ ስለሆንሁ በጥሩ እጅ ጽሑፍ በሰባት ቅጂ ገለበጥሁት። ትንሽ ከፍ እንዲል ብዬም ከሬዲዮ የሰማሁትን «ቅንጅት» የሚል ቃል ከራሴ ጨመርሁበት። ይህን ባላደርግ ኖሮ ማመልከቻው እንደ ሌሎቹ ተረስቶ ይቀር ነበር። ቃሉ ግን ተወደደ። በወሩ «የከተማና የአገር አቋራጭ ትራፊክ አቀናጅ ኮሚቴ» ተቋቋመ።

ኮሚቴው በ1981 ኅዳር በሁለት መኪና መጣ። ሰብሳቢው ጓድ ሙሉጌታ ውጭ አገር ስድስት ወር የሠለጠኑ ወጣት ካድሬ ናቸው፤ «በሳይንሳዊ መንገድ» ሳይሉ ውኃ እንኳ አይጠይቁም። ቸርኬው አንድ ጊዜ ተመትቶ ጋሽ አለኸኝ ሁለት ጊዜ መልሰው እጃቸውን ገና ሳያወርዱ ደረሱ። ሁለተኛውን ኬላ ማየት ፈለጉና ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ።

«መንገዱ ተይዟል፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

«ጓድ በሉኝ። በማን ነው የተያዘው? እኔ የሚታየኝ የለም።»

«እኔም አይታየኝም። ሰምቼዋለሁ።»

የኮሚቴው አባላት ተያይተው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ጥጥ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና እያጓራ ከመታጠፊያው ወጥቶ በአጠገባቸው አለፈ። ጓድ ሙሉጌታ አቧራቸውን አራገፉ። ገመዱ ቢፈታላቸው ኖሮ ኮሚቴው በሙሉ ጥጡ ሥር ነበር። እንግዲህ አመኑ ብዬ ደስ አለኝ። የዳነ ሰው ሁሉ አመስጋኝ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ቃለ ጉባኤውን ያጻፉት እኔን ነው። ድንጋዩ «ኋላቀርና ሃይማኖታዊ ጠባይ ያለው» ስለሆነ እንዲወረስ፣ ቸርኬው ግን የኢንዱስትሪ ውጤት ስለሆነ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ድንጋዩን በመኪናቸው ጭነው ሄዱ። ሕዝብ ብቻ የሚመልስበት፣ ካህን የሌለው ቅዳሴ ቀረልን።

በድንጋዩ ፋንታ ስልክ ገባ። ሽቦው ከእኛ ኬላ ተነሥቶ ከተማው መሐል ስልክ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ሃምሳ አለቃ ደስታ ጋ ይደርሳል። ስልከኛዋ «ከየት ወዴት?» ትለኛለች። ከሰባታሚት ወደ ሰባታሚት እላታለሁ። «ሥራ አለኝ፣ አትቀልጂብኝ» ብላ ትዘጋዋለች። ደኅና ቀን ሲሆን ወረፋ ትይዝልናለች። አንዳንዴ መስመሩ የሚገኘው መኪናው አልፎ ሾፌሩ ዱርቤቴ ምሳውን በልቶ ሲነሣ ነው።

ኮሚቴው ይህንንም አጠና። ስልኩ እስኪሻሻል ድረስ የሰዓት ሰሌዳ አወጣ፤ በአንዱ ሰዓት ከከተማ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ይገባል። ሰሌዳው ለእኛ በማግሥቱ ደረሰን። ለሃምሳ አለቃ ደስታ ግን መድረስ ያለበት በራሳቸው መሥሪያ ቤት፣ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ነው። ሦስት መቶ እርምጃ ርቄ እኔ ያነበብሁትን ወረቀት እሳቸው ሊያዩት አይፈቀድላቸውም ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ጧት አንድ አውቶቡስ ገመዳችን ላይ ቆሟል። ጋሽ አለኸኝ ጆሯቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዘንብለው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ እሳቸውም አያውቁም።

«ጋሼ፣ አራት ሰዓት ሞላ» አልኋቸው። «በሰሌዳው ተራው የእኛ ነው።»

አዩኝ፣ ከዚያም ገመዱን ፈቱ። አውቶቡሱ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ከዓይናችን እንደጠፋ ቸርኬው ይመታ ጀመር። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ ያለማቋረጥ ነው። ሃምሳ አለቃ ደስታ ስልክ ሞክረው ሞክረው ሲያቅታቸው በሽተኛ የጫነች ፒካፕ ለቀው ነበር። ጋሽ አለኸኝ ሊመልሱ እጃቸውን ወደ ግራሩ ሰደዱ። እጃቸው ያገኘው ድንጋዩ የተንጠለጠለበትን ጠፍር ብቻ ነው።

ጠፍሩን ለቀቁት። ከዚያ ካፖርታቸውን እያወለቁ ሮጡ። ከካፖርቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ጀርባው ተቀዶ እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የሆነውን በኋላ ተሳፋሪዎቹ ነገሩኝ። አውቶቡሱና ፒካፗ ተገጣጥመው ሾፌሮቹ ስለ ተራ ይከራከራሉ፤ የእኛው በሰሌዳው፣ የወዲያኛው በበሽተኛዋ። ፒካፗ ላይ ትርፍ አንጀት የፈነዳባት የዱርቤቴ መምህርት ተኝታ ታቃስታለች። ጋሽ አለኸኝ ከማንም ጋር አልተከራከሩም። ካፖርቱን መሬት ላይ ዘርግተው አስተኟት፤ አራት ተሳፋሪዎች አራቱን ጫፍ ያዙ። በአውቶቡሱና በቦዩ መሐል፣ እግር በማያስቆም ጠርዝ ላይ፣ አንድ በአንድ እየረገጡ አሳለፏት።

ከመታጠፊያው ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸው። ከእኛ ገመድ ወዲያ፣ በከተማው በኩል፣ ወደ ሆስፒታል ሊወስዳት የሚችል የጭነት መኪና ቆሟል፤ ጠጋ እንዲል ገመዱ መፈታት አለበት።

«ገመዱን ፍቺው!» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ።

አልፈታሁም። እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ ገመድ የመፍታት ሥልጣን አልነበረኝም። እሳቸው ደርሰው ፈቱት። መምህርቷ ተወሰደች፤ ዳነችም። እኔ በመዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦ «4:10፣ ጠባቂው ኬላውን ትተው ሄዱ። 4:35፣ ያለ ፈቃድ ገመድ ፈቱ።»

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። መምህርቷን የጠየቀ የለም። መዝገቡን እንዳነብ ታዘዝሁ፤ አነበብሁ። ጓድ ሙሉጌታ በእርሳሳቸው ወደ እኔ እያመለከቱ ሳይንሳዊ ሠራተኛ ማለት እንደዚች ልጅ ናት አሉ። የተመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ጆሮዬ እስካሁን ያቃጥለኛል። ከዚያ ጋሽ አለኸኝን ኬላቸውን ለምን እንደተዉ ጠየቋቸው።

«ባለፈው ጊዜ አልተውሁትም ነበር» አሉ።

ኮሚቴው ሌላ መልስ ጠበቀ። በምስክርነት የቆሙት ሃምሳ አለቃ ደስታ ብቻ ጫማቸውን አዩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ቃሉን «ጥፋታቸውን አምነዋል» ብሎ መዘገበው።

ከበር ውጭ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጠበቅኋቸው፤ ማልቀስ ቀደመኝ።

«ምን ያስለቅስሻል? ትክክል ጽፈሻል» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩ። «ቸርኬው ሲመታ የነበረውን ግን አልጻፍሽውም።»

እውነታቸውን ነው። መዝገቡ የሰሌዳ፣ የሰዓት፣ የጭነትና የይለፍ ወረቀት ዓምድ ነበረው፤ የድምፅ ዓምድ አልነበረውም።

ቅጣታቸው ከገመዱ ተነሥተው የኮሚቴው ቢሮ በር ዘበኛ መሆን ነው። እዚያ ሲደርሱ የተወረሰውን ድንጋይ አገኙት፤ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ማቆሚያ አድርገውታል። ሁለት ዓመት ያህል የራሳቸው ድንጋይ በያዘው በር ላይ ቆሙ። ባለጉዳይ ሲመጣ ድንጋዩን በጣታቸው አንኳኩተው ከውስጥ መልስ እስኪሰማ ያቆሙታል። ከውስጥ የሚመልስ ስላልነበረ ባለጉዳዩ ይመለሳል። ከጋሽ አለኸኝ በፊትም ይመለስ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ቀን ሙሉ አለመጠበቁ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ሆኖ ጥናቱን ይቀጥላል። መታጠፊያው ላይ መኪኖች መግጠማቸውን ይቀጥላሉ።

በ1983 የካቲት መጨረሻ አንድ ጧት ቢሮው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጓድ ሙሉጌታና ኮሚቴው በዚያው በእኛ መንገድ ነበር የሄዱት። ስልክ አልደወሉም፣ ሰሌዳም አላዩም፤ ተራቸውን የጠየቃቸው የለም። ጋሽ አለኸኝ በሩን ከፍተው ትተው ድንጋዩን በትከሻቸው ተሸክመው ሰባታሚት መጡ። ማንም ሳያዝዛቸው ግራሩ ላይ ሰቀሉትና ያለማቋረጥ መቱት። ሃምሳ አለቃ ደስታ በቸርኬው ሁለት ጊዜ መለሱ። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች ገመዳቸውን ፈትተው መታጠፊያው ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱን ገመድ በአንድ ቋጠሮ አስረው ሃምሳ አለቃ ቤታቸው ወሰዱት። ለእርሻም ለጭነትም ይሆናል አሉ። እኔ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር አስምሬ አናቱ ላይ «ድምፅ» ብዬ ጻፍሁ። የተሞላው ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀብሩ ጧት ግራሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ አስከሬኑ የሚያልፈው በዚያው በሦስት መቶው እርምጃ ነው። ሃምሳ አለቃ ደስታ ቀድመው ሄደው ቸርኬያቸው ጋ ቆመዋል። ቃሬዛው የድሮው ገመድ ቦታ ሲደርስ ድንጋዩን አንድ ጊዜ መታሁት። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው ምን እየጠበቅን ነው አለ።

«መልስ» አልሁት።

ጆሮዬን ወደ ባሕር ዛፉ አዘነበልሁ። መኪና አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም። ቸርኬው ሁለት ጊዜ መለሰ፣ ቃሬዛውም ተንቀሳቀሰ።

ሣጥኑን ወደ መቃብሩ ያወረዱት በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ገመድ ነው። ቋጠሮው በሃምሳ አለቃ ደስታ እጅ ውስጥ ሳይያዝ አለፈ። ያለ ስልክ፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ቅንጅቱ የተፈጸመው ጥቅምት 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው።